የገዛነው ሞዴል፣ የምንሸጠው ምስል

ዛሬ አንድ የሰሊጥ ላኪ ለማሸጊያው ወይም ለማስታወቂያው ምስል ሲፈልግ ፎቶ አንሺ ይዞ ወደ መተማና ቋራ ቆላ መውረድ ግድ አይለውም። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠ ዲዛይነር የጭነት መኪናውን፣ ጆንያውን፣ ዛፉንና የሰው ቅርጹን ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) ሞዴል ከሚሸጡ ድረ ገጾች ይገዛል። ብሌንደር በተባለው ሶፍትዌር ያቀናብራል፣ ብርሃኑን ያስተካክላል፣ ምስሉን አውጥቶ ይሸጣል። ገዢና ሻጭ ተደስተው ይለያያሉ። ሁለቱም ያላነሡት ጥያቄ ግን አለ፦ ሞዴሉን የሠራው ሰው ለየትኛው አገልግሎት ነው የፈቀደው? ሞዴል የገዛ ሰው በእጁ ያለው ፈቃድ ነው፤ ከያዘው ፈቃድ የሰፋ መብት ለደንበኛው ሊሸጥ አይችልም። ይህን ዘንግተን የምንሠራው ሥራ ውሎ አድሮ ዲዛይነሩንም ነጋዴውንም ይጎዳል ብዬ አምናለሁ።

የቆላው ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመተማና በቋራ ከመንግሥት መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ባለሀብት ሰሊጡን ይሸጣል፤ መሬቱን ግን አይሸጥም። መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ደንግጓል። በውል ለእርሻ የወሰደውንም መሬት እንዳሻው ለሌላ ሥራ አያውለውም። ምስሉ እንደ ሰሊጡ ነው፣ ሞዴሉ እንደ መሬቱ። ተርቦስኩዊድና ሲጂትሬደርን በመሳሰሉ ገበያዎች ያለው መደበኛ ፈቃድ ከሞዴሉ የወጣን ምስል ወይም ቪዲዮ ለንግድ መሸጥን ይፈቅዳል። የሚከለክለው ሞዴሉን ራሱን ለሌላ ማስተላለፍን፣ ወይም ሌላ ሰው ሞዴሉን ነቅሎ ሊወስደው በሚችልበት መልክ መስጠትን ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደንበኛው ከፍሎ ሲያበቃ «ዋናውን ፋይልም ላክልኝ» ይላል፤ ዲዛይነሩም ደንበኛውን ላለማስቀየም የብሌንደሩን ፋይል ከነሞዴሎቹ ይልካል። በዚያች ቅጽበት ምስል ሻጭ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ሰው ሞዴል አከፋፋይ ሆኗል። ቀለሙን ቀይሬዋለሁ፣ ጆንያውን አስፍቼዋለሁ ማለትም አያድነውም። የተለወጠ ሞዴል ከመጀመሪያው ሞዴል የተወለደ ነውና ፈቃዱም ተከትሎት ይሄዳል።

ምስሉን ብቻ በመሸጥም የሚሳሳት አለ። የታወቀ ኩባንያ ምልክት ያለበት መኪና ወይም ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ሞዴል ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ኤዲቶሪያል በሚባለው ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለዜናና ለትምህርታዊ ጽሑፍ ያገለግላል፤ ለማስታወቂያ ግን አይሆንም። ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ የሚታይበት የማሸጊያ ምስል ዓይን ይስብ ይሆናል፤ የመኪናው ሞዴል በዚህ ፈቃድ የተገዛ ከሆነ ግን ምስሉ ማሸጊያ ላይ መዋል የለበትም። ስኬችፋብ ላይ በነፃ የሚወርዱ ብዙ ሞዴሎች ደግሞ የክርየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለጥፎባቸዋል። አንዱ የሠሪውን ስም መጥቀስ ብቻ ይጠይቃል፣ ሌላው ለንግድ መዋሉን ጨርሶ ይከለክላል። በነፃ መውረዱ ለመሸጥ መፈቀዱን አያሳይም። ከሁሉ የከፋው የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። ላኪው «ይህ ምስል የእኔ ብቻ ይሁን፣ በንግድ ምልክትነት አስመዘግበዋለሁ» ሲል ዲዛይነሩ እሺ ይላል፤ ያንኑ ሞዴል ግን ማንም ከፍሎ ሊገዛው ይችላል። ብቸኛ መብት የሌለው ሰው ለሌላ የሚሰጠውን ብቸኛ መብት ከወዴት ያመጣዋል?

እዚህ ላይ ሕግ የሚያውቁ ሰዎች የሚያነሡት ጠንካራ መከራከሪያ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ዜጎችንና መደበኛ ነዋሪነታቸው በኢትዮጵያ የሆነ ሰዎችን ሥራ፣ እንዲሁም በመጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተመን ሥራ ነው። አገራችንም የቅጂ መብትን በአገሮች መካከል ከሚያስጠብቀው ከበርን ስምምነት ውጭ ለረጅም ዘመን ቆይታለች። ስለዚህ የውጭ አገር ሰው የሠራው ሞዴል መተማ ላይ ማን ይጠይቅበታል ይላሉ። መከራከሪያው ባዶ አይደለም፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በመጀመሪያ ነገር ሞዴሉን ስንገዛ «እስማማለሁ» ብለን ውል ገብተናል፤ ውል ደግሞ ከቅጂ መብት ተለይቶ በራሱ ያስገድዳል። ሁለተኛው ይብሳል፤ የእኛ ሰሊጥ መተማ ላይ አይቀርም። ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤል፣ ወደ ጃፓን ይሄዳል፤ ምስሉም ማሸጊያው ላይ፣ ድረ ገጹ ላይ፣ የንግድ ትርዒቱ ላይ አብሮ ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው የዚያ አገር ሕግ ነው። ቅሬታ ቢነሣ ገጹ የሚታገደው፣ ማሸጊያው እንደገና የሚታተመው በላኪው ኪሳራ ነው፤ ላኪው ደግሞ ስለ ሞዴሉ ምንም አያውቅም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. የተወሰነ አንድ ክርክር እዚህ ላይ ይረዳናል። መሽወርክስ የተባለ ድርጅት የቶዮታን መኪናዎች ለክቶ ዲጂታል ሞዴል ሠራላቸው። ድርጅቱ፣ ቶዮታ ሞዴሎቹን ከአንድ ማስታወቂያ በላይ ተጠቀመባቸው ብሎ ከሰሰ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ሞዴሎቹ የመኪናዎቹ ትክክለኛ ቅጂ እንጂ የሠሪው የራሱ ፈጠራ የለባቸውም ብሎ በቅጂ መብት እንደማይጠበቁ ወሰነ። ይህን ውሳኔ «እንግዲያው ሁሉም ሞዴል ነፃ ነው» ብሎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ውሳኔው የሚመለከተው ያለን ነገር አንድ በአንድ የገለበጠን ሞዴል ነው። ሠሪው ከአእምሮው ያፈለቀው የሰው ገጽ፣ ልብስ ወይም ዛፍ ሌላ ነው። እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው ዋና ትምህርት ግን ምስሉ ለስንት ጊዜና ለምን እንደሚውል ከመጀመሪያው በግልጽ ጽፎ መፈራረም እንደሚያስፈልግ ነው።

ስሜት የሚነካው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ፈረንጆቹ የእኛን ቅርስ ወስደው የለም ወይ? እኛ ለእነሱ ሞዴል ለምን እንጨነቃለን?» የሚል። ቁጭቱ እውነተኛ ነው፣ በተለይ ለምዕራብ ጎንደር ሰው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከቋራ ወጡ። ሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ ደግሞ የቋራ ዘር ያላቸው እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት ይታመናል፤ በ1860 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ አምባ ከመቅደላ ተዘርፎ ነው የሄደው። የዘውዱ ዲጂታል ቅጂ ነገ ገበያ ላይ ቢወጣ ፈቃዱን ማን ሊሰጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ አጥብቀን መጠየቅ አለብን። ነገር ግን ሞዴል ሠርቶ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ሰው መቅደላን አልዘረፈም። አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛው ዲዛይነር በኮምፒውተሩ ፊት ሲያመሽ የሚኖር አንድ ግለሰብ ነው። የእሱን ድካም መውሰድ ዘውዱን አያስመልስልንም።

የገንዘብ ችግሩንም አልክድም። የውጭ ምንዛሪ ማግኘትና በኢንተርኔት መክፈል ለእኛ ዲዛይነር ከባድ ነው። መውጫው ግን አለ። ብሌንደር ራሱ በነፃ የሚገኝ ነው። እንደ ፖሊሄቨን ያሉ ድረ ገጾች ለንግድም ቢሆን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚያገለግሉ ሞዴሎች ይሰጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሳችንን መሥራት ነው። ታጭዶ የቆመ የሰሊጥ ሂላ፣ የቆላው ጎጆ፣ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት በመተማው ጦርነት የነበረው ጋሻና ጎራዴ፣ እነዚህን ሳያዛባ የሚቀርጽ ሰው ቦታውን የሚያውቅ ልጅ ነው። እሱ የፈጠረውን ሥራ አዋጁ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ መብቱን ሲያስተላልፍም በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። ነገ የቀረጸው ሂላ ያለ ፈቃዱ በሌላ ሰው ማሸጊያ ላይ ሲታይ ሊከራከር የሚሻ ሰው፣ ዛሬ የሌላውን ፈቃድ ማንበብ አለበት።

ዲዛይነሮች፣ ሞዴል በገዛችሁበት ቀን የፈቃዱን ገጽ ከነደረሰኙ አስቀምጡ፤ ውሉ በኋላ ሊለወጥ ይችላልና። ከምስሉ ጋር ለደንበኛችሁ የፈቃዱን ቅጂ ስጡት፣ ምን እንደተፈቀደለትና ምን እንዳልተፈቀደለትም ጻፉለት። ላኪዎችና ነጋዴዎች፣ የምስሉን ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ያንን ወረቀት ጠይቁ፤ ዲዛይነሩ ማቅረብ ካልቻለ ምስሉን ማሸጊያችሁ ላይ አታትሙት።