የአንገቴ ታሪክ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብብኝ አይቀርም፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬዬን አቋርጬ ወደ ላይ አንጋጥጣለሁ። ወዳጆቼ ውጭ አገር የናፈቀኝ ይመስላቸዋል። ነገሩ የመጣው ግን ከጤፍ አረም ነው።

ያደግሁት ከአየር ማረፊያው ወዲያ፣ ቡልቡላ ነው። ያኔ መረሬ አፈር፣ ጤፍና ሽምብራ ነበር። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ከተሜው ዕረፍት ይለዋል፣ እኛ አረም። ሙጃና ጤፍ ለጋ ሳሉ ስለሚመሳሰሉ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ እየለዩ መንቀል ነው። ጭቃው እግር ይውጣል፣ ወገብ ይቆለመማል። ቀና ያለ ሰነፍ ነው። «አረሙ ያለው ታች ነው!» ይላል አባቴ። አውሮፕላን ሲመጣ ግን እሱም ቀና ይላል፤ ስለዚህ ተፈቅዷል ማለት ነው።

ቦሌ የተሠራው የልደታው ማረፊያ ለጀት ስላልበቃ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹ ጀቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹ፣ በ1955 ዓ.ም. ገቡ። አገር የተደነቀባቸውን ጀቶች እኔ አልወደድኳቸውም፤ ጮኸው እልም ይላሉ፣ ወገብ እንኳ በቅጡ ሳይቃና። ወዳጄ ዳኮታ ነበር፤ አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ የጀመረበት፣ ባለ ሁለት ሞተሩ። እያጉረመረመ፣ ሳይቸኩል ያልፋል። እኔም በሐሳቤ ተሳፍሬ ጀርባዬን ወንበር አስደግፋለሁ። መድረሻው ግድ አይሰጠኝም ነበር። ካይሮም አስመራም ለእኔ አንድ ነበሩ፤ ጤፍ አርም የሚለኝ የለባቸውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ምርቱን ለባለርስት ሲያካፍል የኖረው አባቴ አለቀሰ። ነጻ ወጣን ተባለ። እኔም ጓጓሁ። ክረምቱ ሲመጣ ግን መሬቱ የእኛ ሲሆን አረሙም የእኛ ሆኖ አገኘሁት። አባቴማ የራሱ ነውና ከድሮው አጥብቆ ያሳርመኝ ጀመር። አዋጁ ስለ ልጅ ወገብ አንቀጽ አልነበረውም።

ዛሬ ቡልቡላ ሕንፃ ነው፤ የሚታረም የለም። ሽምብራው ግን ከሩቅ እየመጣ በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ መንገድ ዳር በእሸቱ ይሸጣል። ሻጮቹ ብዙ ጊዜ እንደ ያኔው እኔ ልጆች ናቸው። የሽምብራ ቅጠል ኮምጣጣ ፈሳሽ አለው፤ ሲነቅሉት እጅ ይለበልባል። እባካችሁ ዋጋ አትከራከሯቸው።