ቧንቧችን የሚጀምርበት ቦታ፦ አንድ ቅዳሜ በገፈርሳ

የስድስት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ጥያቄው «ውሃ ከየት እናገኛለን?» ይላል፤ ከሥሩ ሥዕል የሚሣልበት ባዶ ቦታ አለ። ልጄ ሳታመነታ ሮቶ ሣለች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሮቶ። «ሮቶው ውስጥስ ከየት ይገባል?» ብዬ ብጠይቃት «ሐሙስ ሌሊት ይመጣል» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የእናንተም ልጆች ቢጠየቁ ከዚህ ብዙ የራቀ መልስ የሚሰጡ አይመስለኝም። የአዲስ አበባ ልጅ ውሃን የሚያውቀው በቀኑ ነው እንጂ በቦታው አይደለም። መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ፈረቃው ሲደርስ ማን ተነስቶ ባልዲ እንደሚደረድር ያውቃል። እኛ ወላጆችስ? እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ከተማ ነው፤ ሠላሳዎቹን ጀምሬያለሁ፤ የምጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበትን ቦታ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ይባስ ብሎ ስለዚያ ቦታ ጽፌያለሁ። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ባለፈው ዓመት በትርፍ ጊዜዬ ለአንድ ቤት ሠሪ ድርጅት የሽያጭ ብሮሸር አዘጋጅቼ ነበር። ድርጅቱ ቤት ሊሠራ ያሰበው በገፈርሳ አካባቢ ነው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ሰጡኝ፤ አረንጓዴ ሜዳ፣ መሃሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ውሃ። እኔም «ከሐይቅ ዳር፣ ንጹሕ አየር፣ ሰላማዊ ኑሮ» ብዬ ጻፍኩ። ለሥራዬ ከተከፈለኝ ሌላ «ለአንቺ በቅናሽ እናደርግልሻለን» አሉኝ። እኔና ባለቤቴ ከኪራይ ለመገላገል ስንት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበረንና ልባችን ተነሣ። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጆቹንና እናቴን ይዘን ቦታውን ልናይ ወጣን።

ጉዞው

ገፈርሳ ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጳውሎስ ሆስፒታልና በዊንጌት አድርጋችሁ አስኮን ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ቡራዩ ነው። የአምቦ መንገድ ነውና ቡራዩ ላይ መጨናነቁ አይቀርም። ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች፣ የቤት ዕቃ ሱቆች፣ ብረት የሚበይዱ ወጣቶች፣ ድንች በኩንታል የሚሸጥባቸው መደዳዎች አሉ። ቡራዩ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናት፤ የት ጋ ከአዲስ አበባ እንደምትለይ በዓይን ማወቅ ግን ያስቸግራል።

ከቡራዩ ወጣ እንዳላችሁ አየሩ ይለወጣል። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነውና ሹራብ ያስፈልጋል። ሜዳው ይከፈታል፣ ባሕር ዛፉ ይታያል፣ ከዚያ በድንገት ውሃው ብቅ ይላል። ልጄ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ማሚ፣ ባሕር!» ብላ ጮኸች። ወንዱ ልጄ ደግሞ ወዲያው «እንዋኛለን?» አለ።

«አይዋኝም» አለው አባቱ። «የምንጠጣው ነው።»

መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ልጆቹ አሰቡበት መሰለኝ። እኔም አሰብኩበት። ለካ «ሐይቅ» ብዬ ስጽፍ የሰው የመጠጥ ገንዳ ነበር የሸጥኩት።

ውሃው ዳር

ግድቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ ወደ ግድቡና ወደ ማጣሪያው ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለእይታ ግን ያን ያህል መቅረብ አያሻም። መኪናችንን ከመንገዱ ወጣ አድርገን አቁመን ሣሩ ላይ ቆምን።

በመስከረም መጨረሻ ገፈርሳ ጥግብ ብሎ ነው የሚታየው። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ውሃው ግን ፎቶው ላይ እንዳየሁት ሰማያዊ አይደለም፤ ቡና በወተት ይመስላል። የክረምቱ ጎርፍ ከማሳውና ከኮረብታው ይዞት የመጣው አፈር ገና አልሰከነም።

ወፍ ለሚወዱ ቤተሰቦች ደግሞ ገፈርሳ ከአዲስ አበባ አጠገብ ካሉት ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው። የውጭ ወፍ ተመልካቾች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁት ሥፍራ ነው፤ ሳናውቀው የቆየነው እኛ ነን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊው ዝይ እዚህ በሣሩ ላይ እንደ ቤት ዶሮ ሲለቅም ይታያል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ የዱር ዳክዬዎች ይመጣሉ። ልጆቻችን ሃያ ሁለት ዝይ ቆጠሩ፤ ከዚያ በቁጥሩ ተጣሉ።

እናቴ ከመኪናው ቀስ ብላ ወርዳ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። እማዬ የልጅነት ዕድሜዋን ያሳለፈችው ቦኖ ላይ ተሰልፋ ነው። ሌሊት እንስራ አስቀምጠው ወረፋ ይይዙ እንደነበር፣ ቦኖ ከፋቹ ሲቆጣ እንደሚበተኑና እንደገና እንደሚሰለፉ ብዙ ጊዜ አውርታልናለች። በኋላም እኛን ስታሳድግ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስታ ጀሪካን ትሞላ ነበር። ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «ይኼ ነው እንዴ?» አለች። «ይኼን ያህል ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት ይኼ ነው?» ቀጥላም የሰው ስም እንደምትጠራ ሁሉ «ገፈርሳ» አለች።

ከምንጭ ወደ ግድብ

እማዬን እንዲህ ያሰለፋትን ታሪክ ባጭሩ ላውጋችሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የምትጠጣው ከእንጦጦ ግርጌ ከሚፈልቁ ምንጮችና ከወንዞቿ ነበር። በ1880ዎቹ የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከኮረብታው በቧንቧ ውሃ አስገባ፤ ውሃ ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው ጉድ አለ። ከተማዋ ስትሰፋ ግን ምንጩ አልበቃትም። ስለዚህ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ገፈርሳ ተገደበ። የከተማችን የመጀመሪያው ትልቅ የውሃ ግድብ ይህ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚገኘው ለገዳዲ የተሠራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። ዛሬ ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ይዟል። ገፈርሳ ከሁሉም ታላቅ ነው፤ በመጠን ግን ትንሹ ሆኗል። ለገዳዲ ብቻውን ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል፤ ገፈርሳ 7 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ማጣሪያው በቀን እስከ 30,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው። ይህን ወደ ቤታችን መለኪያ ስንቀይረው 1.5 ሚሊዮን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ በየቀኑ። ታዲያ የቢዝነስ ትምህርቴ አልለቀቀኝምና ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩ። የሞላው ገፈርሳ ጠብታ ሳይጨመርበት በሙሉ አቅም ቢቀዳ ስምንት ወር እንኳ አይደርስም። በመስከረም የሞላው ግንቦት ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። ስለዚህ ግድብ ማለት በዓመት አንዴ የሚሞላ እንስራ ነው። ውስጡ አፈር የገባ እንደሆነ የአፈሩን ያህል ውሃ አይይዝም። ከዋናው ግድብ በላይ ደለሉን እንዲያስቀር ሌላ ትንሽ ግድብ የተሠራውም ለዚህ ነው።

ያ ቡና መሳይ ውሃ እንዴት ጠርቶ ቤታችን ይደርሳል? የዋልካ አፈር ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ቢያሳድሩት እንኳ በራሱ አይሰክንም። ስለዚህ ማጣሪያው ላይ አልሙኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ብናኙ እርስ በርሱ ተያይዞ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል። ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፤ በመጨረሻ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይገባበታል። አንዳንድ ቀን ቧንቧ ስትከፍቱ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ውሃው ላይ የሚመጣው ቆሻሻ በበዛ ቁጥር መድኃኒቱም ወጪውም ይበዛል።

ጥያቄዬ

ከሰዓት በኋላ የሽያጭ ሠራተኛው መጥቶ ቦታውን አሳየን። ቁልቁለት ነው፤ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ። እይታው በእርግጥ ያምራል። ብሮሸሩ አልዋሸም።

«የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል?» አልኩት።

«በየግቢው ጉድጓድ ይቆፈራል» አለኝ። «ሲሞላ በቦቴ ይመጠጣል።»

ጉድጓዱ ከሞላና ቦቴው ከዘገየ፣ ዝናብም ከመጣ፣ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

በዚያ ያሉትን ሰዎች እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ቤት ፍለጋ ወደዚያ የሚወጣው የእኔው ዓይነት ቤተሰብ ነው። የከተማ ኪራይ አማርሮት፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት ግቢ አምሮት ነው። ገበሬውም ልጆች አሉት። እኔም ለመግዛት ነበር የሄድኩት። ግን እያንዳንዳችን ለየብቻ ትክክል ሆነን በአንድነት የምናበላሸው ነገር አለ፤ ውሃም ከዚያ ወገን ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ገፈርሳ የተገደበው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ራስ ላይ ነው። ያው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ በከተማችን ምዕራባዊ ክፍል አድርጎ በመካኒሳ በኩል ያልፋል። እዚያ ድልድይ ላይ ስታልፉ የመኪና መስኮት ትዘጋላችሁ፤ እኔም እዘጋለሁ። ከዚያ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ይገባል፤ እዚያም እምቦጭ ይጠብቀዋል። ላይ የምንጠጣው፣ ታች የምናፍንበት ወንዝ አንድ ነው። በመካከሉ ያለነው እኛ ነን። የቤቱ መስመር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር «ታች» የሚባለውም አብሮ ይወጣል።

ማታ ቤት ስንደርስ ከባለቤቴ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን። ገንዘቡ የእሱም ላብ ነው፤ ቀላል አልነበረም። «እኛ ብንተወው ሌላ ይገዛዋል» አለኝ፤ ልክ ነው። ግን ብሮሸሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሃውን የምትጠጣውም የእኔ ልጅ ነች። ተውነው። ለድርጅቱም ደውዬ ቢያንስ «ሐይቅ» የሚለውን ቃል እንዲያወጡት ለመንኩ። «እናየዋለን» አሉኝ። እስካሁን እያዩት ነው። እኛም እስካሁን ኪራይ ቤት ነን።

እናንተም ብትሄዱ

ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ውሃው ሙሉ፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ የሩቅ አገር ወፎችም ገብተዋል። የቡራዩን መጨናነቅ ለማምለጥ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ውጡ። መኪና የሌላችሁ ከአስኮ መናኸሪያ የሆለታ መስመር ይዛችሁ ገፈርሳ ላይ መውረድ ትችላላችሁ። ሹራብ፣ ቦቲ ጫማ፣ ካለ ባይኖኩላር ያዙ። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ፤ አጥሩን አትለፉ። ምሳ ከያዛችሁ ፌስታሉንም፣ የልጅ ዳይፐሩንም፣ የውሃ ኮዳውንም መልሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ጊዜ ካላችሁ እስከ ሆለታ ዝለቁ፤ በወተቷ የታወቀች ከተማ ነች፤ ልጆቹ እርጎ ይጠጡ።

የቤት ሥራውስ? ሰኞ ጠዋት ልጄ ሥዕሏን አረመችው። ሮቶውን አላጠፋችውም። ከበላዩ ሜዳ ጨመረች፣ ከሜዳው ላይ ቡናማ ውሃ፣ ከውሃው ዳር ሃያ ሁለት ዝይ። ወንድሟ አሁንም ሃያ አንድ ነው ይላል።