ጦስኝ፦ ከሳነቴ እስከ ደጃፋችን

ከጎባ ከተማ ተነሥተን ዳገቱን ወደ ሳነቴ ስንያያዝ ደኑ ከኋላችን ቀረ፤ የአስታው ቁጥቋጦ ተከተለ። ፀሐይ በሚመታው ገላጣ ሥፍራ ከመሬት ተጣብቆ የተነጠፈው ጦስኝ ሐምራዊ አበባውን ለብሶ ተቀበለን። እግር ሲነካው መዓዛው ያውዳል። ይህ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ለሻይና ለወጥ ሲባል ከነሥሩ በተነቀለበት ሁሉ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና ከዚያ ቅንጣት መንቀል አይገባም።

እንግዲህ እህቶቻችን ሆይ፣ ከጎረቤት ጓሮ አበባ ያላወጣ፣ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ ፀሐይ በሚውልበት ደጃፍ ትከሉት። ሥር እስኪሰድ አፈሩን አርጥቡት እንጂ ውኃ አታቁሩበት። ከጸደቀ በኋላ ግንዱ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር እየሰደደ ይስፋፋል። አበባው ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን ከርክሙት።

የጦር ሰፈር ቤተሰብ የዝውውር ትእዛዝ ሲደርሰው ጓዙን ይሸክፋል፤ ጓሮውን ግን ትቶ ይሄዳል። ጦስኝ የተከለች እናት ጥቂት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትወስዳለች፤ የቀረውም ለሚተካት ቤተሰብ የሻይ ማጣፈጫ ይሆናል።