የአባት በሽታ ለልጅ ዕጣ ነው ወይ?



እኛ ከሚሴ ላይ ለኒካህ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ ስለ ልጁ ሰላትና ሥራ ጠይቆ ብቻ አያበቃም። «አባቱ በምን ሞተ?» የሚል ይኖራል። መልሱ «በሽንት ፊኛ ካንሰር» ከሆነ ቤቱ ዝም ይላል፤ አንዱ «እሱማ በደማቸው ያለ ነው» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ኢማማችንን በማግዝበት መስጂድ በዚህ ተጨንቀው የሚመጡ ወጣቶች ስላሉ የምመልስላቸውን እዚህ ልጻፈው።

ዘር መኖሩን ዲናችን አይክድም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ መውለዷ አጠራጥሮት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እሳቸውም ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ከቀያዮቹ መሀል አመድማ ግመል ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ፣ ከቀደመ ዘር የተሳበ ይሆናል አለ። የልጅህም ነገር እንዲሁ ሊሆን ይችላል አሉት። ያ መልስ ቤት የሚያፈርስ ጥርጣሬን የሚያነሳ ነበር። እኛ ደግሞ ስለ ዘር በግማሽ የሰማነውን ይዘን ትዳር እናፈርሳለን።

ሙሉውን እንስማ። ኤንኤቲ2 የሚባል ጂን አለን። ጉበታችን አንዳንድ ኬሚካሎችን የሚያከሽፍበትን ኢንዛይም የሚያሠራው እሱ ነው። ሥራው በአንዱ ሰው ፈጣን፣ በሌላው ዝግ ያለ ነው። አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ዝግ በሚልባቸው ሰዎች ላይ ስለሚቆይ እጅና እግር የሚያደነዝዘው የነርቭ ጉዳት ይብስባቸዋል። ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ይህን ለመከላከል ነው።

በሲጋራ ጭስ ውስጥም አሮማቲክ አሚን የሚባሉ መርዞች አሉ። ጂኑ ዝግ ባለበት ሰው በደንብ ሳይከሽፉ ይቆዩና ከሽንት ጋር ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የስፔን ጥናት የእነዚህ ሰዎች አደጋ ከፈጣኖቹ በ40 ከመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህ ማለት ከ1,000 ፈጣኖች 10 ቢታመሙ፣ ከ1,000 ዝግ ያሉት 14 ይታመማሉ እንደ ማለት ነው። እሱም ጎልቶ የታየው በአጫሾች ላይ ነው። ማጨስ ግን ብቻውን አደጋውን ሦስት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። በአውሮፓ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ጂኑ ዝግ ያለ ነው። ታዲያ ግማሹ ሕዝብ ሳያገባ ይቅር?

አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው አደጋው ከሌላው እጥፍ ያህል መሆኑ እውነት ነው። ቤተሰብ ግን ጭስም ውኃም ይጋራል። ቦርከናችን የሚገባበት አዋሽ፣ አፋር ቆላ ሲደርስ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃ የቢልሃርዝያ ዓይነት ይገኝበታል። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ለፊኛ ካንሰር ይዳርጋል። ከብት ይዘው ወይም ለቀን ሥራ ወርደው እዚያ የታጠቡ አባትና ልጅ ቢታመሙ ምክንያቱ ውኃው ሊሆን ይችላል። ቢልሃርዝያው ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት በፕራዚኳንቴል ኪኒን ይታከማል።

ወንድሜ ሆይ! ዘርህን አልመረጥከውም፤ አላህ የወሰነልህ ነው። በርጫ ላይ የምትለኩሰውን ሲጋራ ግን በእጅህ ነው የምትለኩሰው። አባቱ በዚህ በሽታ የሞተበት ልጅ ከማንም በላይ ከጭስ መሸሽ አለበት። በኒካህ ጊዜም ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር። የልጅቷ ቤተሰብም ስለ አባቱ ከጠየቀ አይቀር «ልጁስ ያጨሳል?» ብሎ ይጨምር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሽንቴ ደም ቀላቅሏል፤ ሰላቴ እንዴት ይሆናል?» ብለው በሹክሹክታ የሚጠይቁ አሉ። የፊቅሁ መልስ አጭር ነው፤ ታጥበህ፣ ዉዱእ አድርገህ ትሰግዳለህ። የቀረው የሐኪም ነው። ሕመም የሌለው ደም አንዴ ታይቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ቆመ ብሎ መቀመጥ አደጋ አለው። ከሚሴ ሆስፒታል ሂዱና ሽንታችሁን አስመርምሩ፤ ወደ ደሴ ሂዱ ከተባላችሁም አታመንቱ። በጊዜ ከተገኘ የሚታከም በሽታ ነው። ሐያእ መልካም ነው፤ ሕመምን ከሐኪም መደበቅ ግን ሐያእ አይባልም። ሰበብ ማድረስ ከእኛ፣ ሺፋው ከአላህ ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋ ይስጥልን፤ የሞቱትን ይማርልን። አሚን። ጽሑፉን ለሚያጨስ ወንድማችሁ አድርሱለት።