«እኔ የታለሁ?»

ወገኖቼ፣ ካሜራ መማር የጀመርኩት በ53 ዓመቴ ነው። ልጄ የተወልኝ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ አለ። ነገረ መለኮት ስማር ስለ አይኤስኦና ስለ ሹተር ያነሳልኝ መምህር አልነበረም!

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት እናት «ፓስተር፣ እስቲ እኔንም ያንሱኝ፤ ቤሩት ላለችው ልጄ ይላክልኛል» አሉኝ። መስኮቱን ከጀርባቸው አድርጌ አነሳኋቸው። መስኮቱ ፍንትው ብሎ ወጣ፤ እማማ ጥላ ሆኑ። ስክሪኑን አዩና «እኔ የታለሁ?» ብለው ሳቁ።

ማታ መመሪያውን አነበብኩ። እንዲህ ያለው ካሜራ ሰውን ከመስኮት አይለይም፤ ያየውን ብርሃን ሁሉ ለክቶ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ከጀርባ ያለው ሲደምቅ፣ እሱን ላብርድ ብሎ ፊትን ያጨልማል። ስለዚህ ሰውየውን ወደ ብርሃኑ ማዞር ነው፤ ካልሆነም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቁልፍ ወደ +1 ከፍ ማድረግ። +1 ማለት የብርሃኑን መጠን እጥፍ ማድረግ ነው።

ይህ ገባኝ። «እኔ የታለሁ?» ያሉት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። 7 ዓመት አብረውን አምልከዋል፤ ልጅ እንዳለቻቸው የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ዓይኔ ከመድረኩና ከመዘምራኑ አይነቀልም ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ መስኮቱ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸውና ካሜራውን ሳላነሳ ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ብዙ አወሩኝ። ከዚያ አነሳኋቸው፤ ሦስቱ ደበዘዙ፣ አራተኛው ጠራ።

ማታውን ልጅቷ ደወለች አሉ፤ «እማዬ፣ መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?» ብላ።