አቀንጭራና እኛ

እኛ የማሽላ አገር ልጆች አቀንጭራን ያወቅናት ከፊደል በፊት ነው። አበባዋ ሐምራዊ፣ ላያት ሰው የምታምር አረም ናት። ውበቷ ግን ምን ያደርጋል! ከመሬት ብቅ ስትል ጉዳቷን አድርሳለች፤ ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ውኃውንና ምግቡን ስትመጥ ከርማለችና። ወላጆቻችን እየነቀሉ ቢጥሏትም፣ አንዷ ብቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሯም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። መሬቱ ሲሳሳና ዝናቡ ሲያጥር ደግሞ ይብስባታል።

ታዲያ የተኛው ዘር መቼ እንደሚነቃ በምን ያውቃል? የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ በሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ጠሪው ራሱ ማሽላው ነው ማለት ነው! ወሎንኮሚ ተወልደው፣ በጅማና በያኔው ዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፣ በአሜሪካ በፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመረመሩት ይህንኑ ጥሪ ነው። ጥሪያቸው ደካማ የሆነውን ማሽላዎች ለይተው ጥሩ ምርት ከሚሰጡት ጋር አዳቀሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለአገራችን ገበሬ የደረሱት በዚህ መንገድ ነው። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይህን ስንማር ደስ ብሎናል። ሆኖም ደስታችን ጥያቄ አስከትሏል። በየቤታችን ማሽላ እህል ብቻ አይደለም፤ አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የጎጆ ማገር ነው። ረጅሙ የአያቶቻችን ማሽላ ይህን ሁሉ ይሰጣል። ቶሎ የሚደርሱት አዳዲሶቹ ግን አጫጭር ናቸው። «እኛስ በላን እንበል፤ ላሟስ ምን ትብላ?» የምትል እናት አዲስ ነገር ጠላች ሊባልላት አይገባም። የቤቷን ሒሳብ ነው የምትናገረው። ዘር የሚያሻሽል ሰውም ይህንን ሒሳብ ሊሰማ ይገባዋል።

ደግሞም ዘር ብቻውን አይበቃም። የዝናቡን ውኃ እንዲያቁር በየመካከሉ የተገደበ ቦይ ሲወጣ፣ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ሲጨመር ነው አቀንጭራ የምትዳከመው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

እንግዲህ ነገ በየቆላው ስንመደብ የምናስተምረው የእነዚያኑ እናቶች ልጆች ነው። የሳይንስ ትምህርታችን ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ እስከ ማሳው ይዝለቅ። የአረሟን ሥር ከማሽላው ሥር ጋር ቆፍረን እናሳያቸው። እነሱም የቤታቸውን ጥያቄ ይዘው ይምጡ፤ መልሱ ከመጽሐፋችን ባይገኝ እንኳ ጥያቄውን ወደ ግብርና ባለሙያው ማድረስ አያቅተንም።