መጽሐፍ ቅዱስን ማን ጻፈው?

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ልጅ ሰሞኑን ኢንቦክስ ጻፈልኝ። ዶርም ውስጥ ሲከራከሩ ጓደኛው ማርቆስ 2፥26ን ከፍቶ አሳየው። ዳዊት ተርቦ የቤተ መቅደሱን ኅብስት ሲበላ ሊቀ ካህናቱ አብያታር እንደነበር ይናገራል። 1ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ግን ኅብስቱን የሰጠው የአብያታር አባት ነው። «ቲቸር፣ መንፈስ ቅዱስ ስም ይሳሳታል እንዴ? ከዛ ቀን ወዲህ ቅዳሴ መሄድ ከብዶኛል» አለኝ።

ልጁ ካቶሊክ ነው፣ እኔም ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው የኛ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ነው። ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ፣ ክርክር ልከፍት አይደለም፣ ቁጭ ብላችሁ አድምጡን።

ይህን ጥቅስ መጀመሪያ ያነሳው የዶርሙ ልጅ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ፣ በዓለም ጳጳሳት ፊት የቪየናው ካርዲናል ፍራንዝ ኮኒግ ይህንኑ የአብያታርን ነገር ጠቀሱ። ማቴዎስ 27፥9ንም ጨመሩበት፤ እዚያ ላይ በይበልጥ የዘካርያስን የሚመስለው ቃል የኤርምያስ ተብሏል። ካርዲናሉ ይህን የተናገሩት እምነት ለማፍረስ አልነበረም፤ ችግሩን ደብቀን ሰነድ አናውጣ ነው ነገሩ። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ እፎይ ነው ያልኩት። ልጁን ያስጨነቀው ነገር የቤተ ክርስቲያን አባቶች በአደባባይ የተወያዩበት ነው።

ሰነዱ «ዴይ ቬርቡም» ይባላል፣ የእግዚአብሔር ቃል ማለት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በ1962 ብዙ ተቃውሞ ስለገጠመው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እንደገና እንዲጻፍ አዘዙ። በመጨረሻ ኖቬምበር 18 ቀን 1965 በ2,344 ድጋፍና በ6 ተቃውሞ ጸደቀ።

ምን ይላል? የመጻሕፍቱ ደራሲ እግዚአብሔር ነው ይላል። ግን እዚያው ላይ የጻፉት ሰዎችም እውነተኛ ደራሲዎች ናቸው ይላል። እግዚአብሔር መረጣቸው፣ በራሳቸው ችሎታና አእምሮ ተጠቅመው እሱ የፈለገውን ጻፉ። የቃል ጽሕፈት አይደለም ማለት ነው! አንደኛ ደረጃ እያለን መምህሩ እያነበበ እኛ የምንገለብጠውን ታስታውሳላችሁ አይደል? እንደዛ አይደለም።

ራሱ መጽሐፉ ይመሰክራል። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትሎ እንደመረመረ ይናገራል፤ የሚነገረው ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ምርመራ ምን ያደርግለታል? የ2ኛ መቃብያን ጸሐፊ ደግሞ ሥራው ላብና እንቅልፍ ማጣት እንደጠየቀው ይናገርና በመጨረሻ ጽሑፌ ደካማ ከሆነ አቅሜ ይኸው ነው ይላል (እኛ አገር መቃብያን የሚባለው ሌላ መጽሐፍ ነው፣ እንዳታደናግሩት)። እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ጳውሎስን ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 1 ላይ ከሁለት ሰው በቀር ከናንተ ማንንም አላጠመቅሁም ይላል፤ ወዲያው የእስጢፋኖስ ቤተሰብ ትዝ ይለዋል፤ ከዚያ ሌላ አጥምቄ እንደሆነ አላውቅም ብሎ ያልፋል። መንፈስ ቅዱስ ያንን መርሳት አላስደመሰሰውም።

«እሺ፣ ታዲያ እውነቱ የቱ ጋ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ቃል ላይ ጉባኤው ብዙ ደክሟል። ረቂቁ መጽሐፍ ቅዱስ «የሚያድን እውነት» ያስተምራል ይል ነበር። አንዳንድ አባቶች ይህ አባባል መጽሐፉን ለሁለት ይከፍለዋል ብለው ሰጉ፤ ጳውሎስ 6ኛም እንዲታይ ጠየቁ። የጸደቀው፣ እግዚአብሔር ለመዳናችን ሲል እንዲጻፍ የፈለገውን እውነት ያለ ስህተት ያስተምራል የሚል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የእምነቱ ክፍል የመንፈስ ቅዱስ፣ የታሪኩ ክፍል የሰው ብለን መቁረጥ አንችልም፤ ሊዮን 13ኛ በ1893 ያንን መንገድ ዘግተውታል። ሁሉም የመንፈስ ቅዱስ ነው፣ ሁሉም የሰው ነው። ጥያቄው ጸሐፊው በዚህ ቦታ ሊያስተምር የፈለገው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለዚህ ነው ሰነዱ የአጻጻፉን ዓይነት እዩ የሚለው፤ ታሪክ፣ ትንቢትና ቅኔ እውነትን የሚናገሩበት መንገድ ይለያያል።

አብያታርን የሚያብራሩ ሊቃውንት አሉ፤ ከአባቱ ይልቅ እሱ ስለሚታወቅ ዘመኑ በስሙ ተጠራ የሚሉ። ይሁን። ማርቆስ ግን እዚያ የካህናት ስም ዝርዝር እየሰጠን አይደለም፤ ሰንበት የተራበ ሰው ጠላት እንዳልሆነ እየነገረን ነው። ለልጁ የጻፍኩለት ይህንኑ ነው። እስካሁን አልመለሰልኝም፣ ፈተና ላይ ናቸው።

ዴይ ቬርቡም 26 ቁጥር ብቻ ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። ጊዜ የሌለው ከ11 እስከ 13 ያለውን ያንብብ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፣ ስድብ ግን አጠፋለሁ።